ቋቁቻ የመሰለው ካንሰር

የዛሬዋን ጽሑፍ የምንልክላችሁ ከኦሞ ወንዝ ዳር፣ ከኦሞራቴ ነው፡፡ ፀሐዩ አይጣል ነው! ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ነገር ጣል ጣል ሲያደርግ «ቋቁቻ ነው» ተብሎ ይታለፋል፡፡ ብዙ ጊዜም ቋቁቻ ነው፡፡ ለምጽ ወይም የሥጋ ደዌም ሊሆን ይችላል፡፡ አልፎ አልፎ ግን የቆዳ ሊምፎማ፣ ማለትም ቆዳ ውስጥ የሰፈሩ የነጭ ደም ሕዋሳት ካንሰር ሆኖ ይገኛል፡፡ ለመሆኑ ሐኪም በምን ይለየዋል?

ታሪኩ የሚጀምረው ፓሪስ ነው፡፡ በ1806 እ.ኤ.አ. ዣን ሉዊ አሊቤር የተባለ ሐኪም ገላው ላይ እንጉዳይ የመሰለ እባጭ የወጣበት በሽተኛ አየ፡፡ በኋላም በሽታውን «ማይኮሲስ ፈንጎይደስ» አለው፡፡ ፈንገስ ግን አልነበረም፤ የተሳሳተው ስም እስከ ዛሬ ቀረ፡፡ ሕዋሳቱ ቲ-ሴል የሚባሉት የሰውነታችን ወታደሮች መሆናቸው የታወቀው በ1970ዎቹ ነው፡፡

ወታደሮቹ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፡፡ በ1975 ኮለርና ሚልስታይን፣ ካምብሪጅ ላይ፣ አንድን ምልክት ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ቻሉ፡፡ በ1984 ኖቤል ተሸለሙበት፡፡ ከዚያማ በየቤተ ሙከራው የስም ጋጋታ ሆነ! በ1982 ተመራማሪዎች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ለምልክቶቹ የጋራ ቁጥር አወጡ፤ ሲዲ3፣ ሲዲ4፣ ሲዲ8...

አብዛኞቻችን «ሲዲፎር»ን የሰማነው በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር ነው፡፡ እዚያ የሚያስፈራው የቁጥሩ ማነስ ነው፡፡ በቆዳ ሊምፎማ ግን የሚያጠራጥረው የሲዲ4 ሕዋሳት ያለቅጥ መብዛትና እንደ ሲዲ7 ያለውን የተለመደ ምልክት መጣላቸው ነው፡፡ የበሽታው መጠንም በዚሁ ይለካል፤ ሲዲ7 ወይም ሲዲ26 የሌላቸው የሲዲ4 ሕዋሳት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 1000 ከደረሱ በሽታው ደም ውስጥ በብዛት ገብቷል ማለት ነው፡፡

እኛን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው፡፡ የፈረንጅ መጻሕፍት በሽታውን ቀይ አድርገው ይስሉታል፡፡ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ነጣ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ በዚህ ዓይነቱ ላይ ደግሞ ሕዋሳቱ ብዙ ጊዜ ሲዲ8 ናቸው፡፡ ሲዲ4ን ብቻ የፈለገ ሊያመልጠው ይችላል! ሲዲ7 በተራ የቆዳ ብግነትም ይቀንሳል፡፡ ስለዚህ ምልክት ብቻውን አይፈርድም፤ ሐኪሙ ገላውን ያያል፣ መደንዘዙን ይፈትሻል፣ ቁራጭ ቆዳ ያስመረምራል፡፡

አገራችን ለሥጋ ደዌ ስትል በ1965 እ.ኤ.አ. አለርትን፣ በ1970 የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምን አዲስ አበባ ላይ አይታለች፡፡ ከኦሞራቴ እዚያ ድረስ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፡፡ ይህ ካንሰር ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ዓመት ያኖራል፡፡ እናም ወራት ቆይቶ በቅባት እምቢ ያለውን ንጣት «ቋቁቻ ነው» ብለን አንለፈው፡፡