የነፋስ ስልክ ሰፈርና የድምፅ ቀረጥ

ነፋስ ስልክ የሰፈር ስም ከመሆኑ በፊት የመሣሪያ ስም ነበር። አባቶቻችን ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርሰውን ቴሌግራፍ ባዩ ጊዜ የባዕድ ስም ሳይለምኑለት በራሳቸው ቋንቋ «የነፋስ ስልክ» አሉት። ከተማይቱ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ደቡብ እየተዘረጋች ስትሄድ ስሙ ከመሣሪያው ወደ መሬቱ ተሻገረ። በዚያው መንገድ ዝቅ ብሎ አቃቂ ላይ የተሠራው የራዲዮ ጣቢያም በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እንግዲህ በድምፅና በመልእክት መሣሪያ የተጠራ ክፍለ ከተማ አለን ማለት ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሙዚቃ ወዳድ አንድ ደህና ማጉያና ሁለት ስፒከር ለመግዛት ተነሥቶ፣ ዋጋውን ሰምቶ፣ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመለሰው ለምንድን ነው? ነጋዴውን መርገም ቀላል ነው። እኔ ግን ከሱቁ ይልቅ ወደ ጉምሩኩ፣ ከጉምሩኩም ወደ ታሪኩ መሄድን መርጫለሁ።

በጥር 1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር የተዋዋለችው የክሎቡኮውስኪ ውል ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በ10 በመቶ ወስኖት ነበር። ሌሎች መንግሥታትም «ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባል» እያሉ በዚሁ ውል ተጠቀሙ። በዚያ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባ ግራሞፎን እንደማንኛውም ዕቃ 10 በመቶ ሲከፍል፣ ወይንና መሰል መጠጦች ግን 8 በመቶ ብቻ ይከፍሉ ነበር። (ከዘፈን ይልቅ መጠጥ የረከሰበት ውል መሆኑን ልብ ይሏል።) በገዛ በራችን የምናስከፍለውን ሌላ መንግሥት ወሰነልን። በመጋቢት 1923 ዓ.ም. የፍጆታ ግብር የሚባለው ሲታወጅ የውጭ መንግሥታት የተቃወሙትም ቀረጡ በሌላ ስም ከፍ አለብን ብለው ነው። ያ ብልሃት ግን አልሞተም። የቀረጡን ልክ ሳይነኩ ሌላ ስም ያለው ግብር በላዩ መደረብ እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃውን እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ከድህነት እንደማይወጣ አስተምረዋል። ራሳቸው የጉምሩክ ሹም ነበሩና የሚናገሩትን ያውቃሉ። ከእርሳቸው ትምህርት አንድ መመዘኛ እናገኛለን፤ ቀረጥ ከገቢ ምንጭነቱ አልፎ የሚመሰገነው የአገር ውስጥ ሠራተኛን ሲጠብቅ ነው። ታዲያ በስፒከርና በማጉያ ላይ የምንጥለው ቀረጥ የትኛውን ኢትዮጵያዊ ስፒከር ሠሪ ጠበቀ?

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከቀረጥ የከበደ ነገር ነበረ፤ እርሱም ክልከላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ መብቱን በወጉ ሳይሠራበት ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሀ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀረጸና ሸክላውን ሕንድ አገር አሳተመ። አልታሰረም፤ አልተከሰሰም። ዛሬ ዓለም «ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚገዛቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ የተወለዱት በዚያች ድፍረት ነው። አምሀ ሕጉን ባያልፈው ኖሮ ስንቱ ድምፅ ሳይቀረጽ ይቀር ነበር? ይህን ጥያቄ የማነሣው በዋጋ ምክንያት ሳይቀረጽ የሚቀረውም ድምፅ ከዚህ ስለማይለይ ነው።

ደርግ ሲመጣ የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥሩ ጠበቀ፤ የቀረጡም ጣሪያ ከ200 በመቶ በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ቀረጥ የሚከፍለው ሰው ስለማይገኝ ገቢ አያመጣም፤ ከክልከላ አይለይምና። ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ፤ ቴፕ ያለው ቤትም የጎረቤት ሁሉ መሰብሰቢያ ሆነ። ከ1985 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተቀየረ። ብር ከዶላር ጋር በነበረው ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ወረደ፤ የቀረጡ ጣሪያ ግን በየደረጃው እየተቀነሰ እስከ 35 በመቶ ዝቅ አለ። ይህ በእውነት የሚመሰገን ነው፤ መርካቶ በሬዲዮና በቴፕ የተጥለቀለቀችው በዚያ ጊዜ ነው።

ነገር ግን የ1923ቱን ብልሃት ያስታውሱ። በ1995 ዓ.ም. 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 ቪዲዮ ዴክን 40 በመቶ አስከፈለ (ይህ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል)። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የምግብ ዋጋ ንረትን ለመደጎም ተብሎ 10 በመቶ ሱር ታክስ መጣ። እያንዳንዱ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ችግሩ አንዱ በሌላው ላይ መቆጠሩ ነው።

ስሌቱን በ1999ኙ አደራረብ፣ ከፍተኛውን የቀረጥ ልክ ይዘን እንሥራው። አንድ ማጉያ ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ 10,000 ብር አወጣ እንበል። ቀረጡ 35 በመቶ ነውና 3,500 ብር፤ ድምሩ 13,500። በዚህ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 2,025 ብር፤ ድምሩ 15,525። ሱር ታክሱ በዚህ በጠቅላላው ላይ ይታሰባልና 1,552 ብር ከ50 ሳንቲም። ከዚያም በመነሻው ዋጋ ላይ 3 በመቶ ቅድመ ግብር፣ 300 ብር። 17,377 ብር ከ50 ሆነ። የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም፤ የሱቁ ኪራይም አልታሰበም። ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆን እንኳ 15,480 ብር ይደርሳል። ነጋዴው ቅድመ ግብሩን ከዓመታዊ ግብሩ ላይ ያስቀንሳል።

ስፒከር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ማግኔትና ወፍራም እንጨት ስለሆነ ይከብዳል፤ ቀረጡ የሚታሰበው ማጓጓዣው ተደምሮ ስለሆነ ባለቤቱ በመርከብ ለከፈለው ኪራይም ቀረጥ ይከፍላል። አሮጌ ማጉያ በርካሽ ገዝቶ ያስመጣ ሰውም የደረሰኙ ዋጋ እንደሚታመንለት እርግጠኛ አይደለም፤ ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለውና። የቀረው አማራጭ ድምፁን የሚያወጣውን ባለ ማግኔት ክፍል ብቻ አስመጥቶ ሳጥኑን እዚሁ ማሠራት ነው። ጎፋም ሆነ ሳሪስ ልኩን ከሰጡት አሳምሮ የሚሠራ አናጢ አይጠፋም። ገብረ ሕይወት ቢያዩት ደስ የሚላቸው ሥራ ይህ ነበር። ለአምራች የሚሰጠው የቀረጥ ማበረታቻ ግን ፈቃድ አውጥቶ ለተመዘገበ ድርጅት እንጂ ማታ ማታ በጓዳው በብየዳ ብረት ለሚታገል ወጣት አይደለም። ስለዚህ ቀረጡ ያልነበረውን ፋብሪካ ሲጠብቅ ያለውን እጅ ያስራል።

ይህ ሸክም በሁሉ ላይ እኩል ቢወድቅ ኖሮ ባልጻፍኩ። በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በብሥራተ ገብርኤል በኩል፣ ዲፕሎማቶች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 በተፈረመው የቪየና ስምምነት መሠረት ለግል መገልገያቸው የሚያስመጡት ከቀረጥ ነፃ ነው፤ ይህ የዓለም ሕግ ስለሆነ አልከራከርም። ከእነርሱ ቀጥሎ ውጭ አገር ወንድም ወይም እኅት ያለው አለ፤ ማጉያው በሻንጣ፣ በልብስ ተጠቅልሎ ይመጣለታል። ሙሉውን ቀረጥ የሚከፍለው ማንም የሌለው ሰው ነው። «የቅንጦት ዕቃ» ላይ የተጣለ ግብር ባለጸጋውን አልፎ ዘመድ አልባውን ሲያገኝ ስሙ ሊታረም ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትልቁን ስፒከር ሁላችንም «ሞንታርቦ» እንለዋለን፤ የአንድ የጣልያን ፋብሪካ ስም ነው። ስሙ እንዲህ የተለመደው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ውድ ዕቃ የሚገዛው ወጪውን ለብዙ ሰው የሚያካፍል ነው፤ የሠርግ አከራይ፣ አዳራሽ፣ ሱቅ። ለአንድ ክፍል የሚበቃው ትንሹና ጥሩው ስፒከር ግን ወጪውን የሚጋራለት የለም። በዚህም የተነሣ ሳንፈልገው የምንሰማው ድምፅ በዛ፤ መርጠን የምንሰማው አነሰ። ቅዳሜ ሌሊት ላፍቶ ያደረ ሰው ይመስክር።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ አገደ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እገዳው ተነሣ። ዕቃው ገባ፤ ነገር ግን 57 ብር የነበረው ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ቀረጡ በመቶኛ ስለሆነ ማንም አዋጅ ሳያወጣ አብሮ አደገ። ቅድም ባሰላነው ልክ፣ 200 ዶላር የሚያወጣ ማጉያ ቀድሞ 11,400 ብር ዋጋና 8,410 ብር ያህል ግብር ነበረው። ዶላሩን 100 ብር ብቻ ብናደርገው ዋጋው 20,000፣ ግብሩ 14,755 ብር ነው። የዛሬው ግብር ብቻውን የትናንቱን ማጉያ ገዝቶ 3,355 ብር ይተርፈዋል።