ጃንግጉ

ጃንግጉ የኮሪያ ባህላዊ ከበሮ ነው። ወገቡ ቀጭን፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሰፊ በመሆናቸው የአሸዋ ሰዓት ይመስላል። ስሙ «የዱላ ከበሮ» ማለት ነው። ከቤተ መንግሥት ሙዚቃ እስከ ገበሬዎች ጭፈራ ድረስ በአብዛኛው የኮሪያ ባህላዊ ሙዚቃ ምቱን የሚይዘው ይህ ከበሮ ነው።

አሠራር

አካሉ ብዙውን ጊዜ ከፓውሎኒያ እንጨት ይሠራል። በሁለቱ አፎቹ ላይ በብረት ቀለበት የተወጠረ ቆዳ ይደረግና በገመድ እርስ በርስ ይታሰራል። የግራው ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ድምፁ ጎርናና ነው፤ የቀኙ ስስ ስለሆነ ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በገመዱ ላይ ያሉት ትናንሽ የቆዳ ማጥበቂያዎች ሲገፉ ውጥረቱ ይለወጣል፤ ድምፁም አብሮ ይለወጣል።

አመታት

ተቀምጠው ዘፈን ሲያጅቡበት ግራው በመዳፍ፣ ቀኙ በቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ይመታል። ገበሬዎች አንግተውት ሲጨፍሩ ግን በግራ እጃቸው ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ዱላ ይይዛሉ። በቤት ውስጥ ለሚቀርብ ለስላሳ ሙዚቃ ዘንጉ የቆዳውን ጠርዝ ይመታል፤ በሜዳ ላይ ድምፁ እንዲጎላ መሀሉን ይመታል። ምቶቹ በቃል ይጠናሉ፦ «ኩንግ» የግራ፣ «ደክ» የቀኝ፣ «ደንግ» የሁለቱም በአንድነት ነው።

በሙዚቃ ውስጥ ያለው ሚና

የኮሪያ ባህላዊ ሙዚቃ በብዛት የሚመሠረተው ጃንግዳን በሚባሉ ተደጋጋሚ የምት ዑደቶች ላይ ነው። ሳንጆ በተባለው ሙዚቃ አንድ ተጫዋች በአንድ የዜማ መሣሪያ ሲጫወት ብዙውን ጊዜ የሚያጅበው ጃንግጉ ብቻ ነው። ሙዚቃው ጂንያንግጆ በሚባለው ዝግተኛ ዑደት ይጀምርና እየፈጠነ ይሄዳል። ከበሮ መቺው የዜማ ተጫዋቹን እየተከተለ ዑደቱን ይጠብቃል፤ በየመሀሉም በቃል ያበረታታዋል። ዑደቱ ከተዛባ ዜማው መደገፊያ ያጣል። ፓንሶሪ በተባለው የዜማ ትረካ ግን የሚመታው ጃንግጉ ሳይሆን ቡክ የተባለው በርሜል መሰል ከበሮ ነው።

ኖንጋክ በተባለው የገበሬዎች ሙዚቃ ጃንግጉ ከቡክ እና ክዌንግዋሪና ጂንግ ከተባሉት የብረት መሣሪያዎች ጋር ይመታል። በ1978 እ.ኤ.አ. በሴኡል የተጀመረው ሳሙልኖሪ እነዚህኑ አራት መሣሪያዎች ከሜዳ ወደ መድረክ አመጣ። በተለመደው አተረጓጎም ክዌንግዋሪ የመብረቅ፣ ጂንግ የነፋስ፣ ቡክ የደመና፣ ጃንግጉ ደግሞ የዝናብ ምሳሌ ነው። ዩኔስኮ ኖንጋክን በ2014 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር መዝግቦታል።

ታሪክ

ወገበ ቀጭን ከበሮዎች በጎጉርዮ መንግሥት ዘመን የመቃብር ግድግዳ ሥዕሎች ላይ ይታያሉ። በ1114 እ.ኤ.አ. የቻይናው ሶንግ ቤተ መንግሥት ለኮሪያው ጎርዮ መንግሥት ከላካቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች መካከል ጃንግጉ ይገኝበታል። በ1493 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው «አካክ ግዌበም» የተባለው የቤተ መንግሥት ሙዚቃ መጽሐፍም ይህን ከበሮ ይገልጸዋል።