ጥያቄው «የማን ዘመድ?» ነበር

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እገሌ ተሹሟል አሉ፤ እስቲ አንድ ቃል ይንገሩልኝ» አለኝ። ይኸው ልጅ ባለፈው ወር ስለ ዘመድ አሠራር ሲራገም የነበረ ነው። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እቴጌ ምንትዋብ ትዝ አሉኝ።

አፄ በካፋ በ1730 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ያዙልኝ) ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነው። የቋራዋ እቴጌ ሞግዚት ሆነው ግቢውን ያዙ። ታዲያ ማንን ይመኑ? ወንድማቸውን ወልደ ልዑልን ራስ ቢትወደድ አደረጓቸው፤ ሌላውም የቋራ ዘመድ ተከትሎ ገባ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው የዋዛ አልነበሩም፤ በ1767 እስኪሞቱ ድረስ ጎንደርን በመላ ይዘዋታል።

ነገር የመጣው በሌላ በኩል ነው። ኢያሱ ኦሮሞዋን ውቢትን አግብተው ነበር። በ1755 ሲሞቱ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ። ውቢትም አማታቸው ሲያደርጉ ያዩትን አደረጉ፤ ወንድሞቻቸው ሉቦና ቢራሌ ግቢ ገቡ። ይኼኔ የቋራ ሰዎች ተቆጡ! በምን አፋቸው?

ጉዱ የፈላው በጌምድር ላይ ነው። የበጌምድር ገዥ ደጃዝማች ማርያም ባርያ የምንትዋብ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ባል ናቸው። ኢዮአስ ግዛቱን ነጥቀው ለአጎታቸው ለቢራሌ ሰጡት። ደጃዝማቹ አለቅም አሉ፤ ጦርነት ሆነ፤ ቢራሌ ሞተ። ንጉሡ የአጎታቸውን ደም ለመመለስ የትግሬውን ራስ ሚካኤል ስሑልን አዘመቱ። ማርያም ባርያ ተይዘው ተገደሉ። ሚካኤል ኋላ አስቴርን አገቡ፣ በ1769 ደግሞ ንጉሡን ራሳቸውን አስገደሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው 86 ዓመት ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ።

(ቁስቋም የወጣችሁ ፍርስራሹን አይታችኋል። ወንድማቸውንም፣ ልጃቸውንም፣ የልጅ ልጃቸውንም የቀበሩት እቴጌ ኀዘናቸውን የተወጡት እዚያ ነው።)

እኔን የሚገርመኝ፣ በዚህ ሁሉ ደም ውስጥ «ሹመት በዘመድ አይሰጥም» ብሎ የተነሳ ወገን አላጋጠመኝም። ጠቡ ሁሉ የማን ዘመድ ይሾም በሚለው ነው። እኛስ? የጎረቤት ልጅ በዘመድ ሲቀጠር እናማለን፤ የራሳችን ልጅ ተሹሞ ዘመዱን ካላስገባ ግን «ዘመዱን የማያውቅ፣ ክፉ» እንለዋለን። ለቅሶ ላይ ሳይቀር ይነሳበታል።

ልጁን «እገሌን አላውቀውም» አልኩት። ዋሸሁ፤ ሁለቱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናቱ ደወሉ። አላነሳሁም።