ሁከት ያለበትን አገር ዞሮ ማለፍ
ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን በሞተር ብስክሌት የተጓዙ ሰዎች መንገድ አመራረጥ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በጂኦግራፊ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ያረጀ የአፍሪካ ካርታ ተሰቅሎ ነበር። በዚያ ካርታ ላይ ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ኬፕ ታውን የሚደርስ ቀይ መሥመር ተሥሎበት ስለ ነበረ፣ እኛ ተማሪዎች አንድ ሰው መንገዱን ከያዘ ያለ መሰናክል የሚደርስ ይመስለን ነበር። የተጓዦችን ታሪክ ከመረመርኩ በኋላ ግን ያ መሥመር እንደ ተሣለው ሆኖ ብዙ ዘመን እንዳልኖረ ለመረዳት ቻልኩ። አንዱ ወገን ሲከፈት ሌላው ይዘጋል፤ መንገደኛውም ከካርታው ይልቅ ወሬውን እየተከተለ ይጠመዘዛል።

ይህ ጥናት በሞተር ብስክሌት በተጓዙት ላይ የተወሰነ ነው። ስለ ምን ሞተር ብስክሌት ተመረጠ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መንግሥት የላከው ጉዞ አጃቢ ወታደር፣ የስንቅ መኪናና የይለፍ ደብዳቤ አለው፤ ስለዚህ ሁከት ባለበት አገር መካከል እንኳ ሊያልፍ ይችላል። ባለሞተሩ ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ የሚይዘው ቤንዚን ጥቂት ነው፤ ቢያዝ የሚከራከርለት በአጠገቡ የለም። ስለ ሆነም ከፊቱ ያለው አገር ሰላም መሆኑን ሳያጠያይቅ ሊነሣ አይችልም። በዚህም ምክንያት የመረጠው መንገድ የዘመኑ የሰላምና የጦርነት ምስክር ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ፖርቱጋላዊው ዠሮኒሞ ሎቦ በ1624 ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ሞክሮ ነበር፤ በመካከሉ ያለው አገር በጦርነት የታመሰ መሆኑን በሰማ ጊዜ ግን ተመለሰ። ምጽዋም በቱርኮች እጅ ስለ ነበረች፣ በሚከተለው ዓመት ከበይሉል ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ገባ። በ1705 ደግሞ ሌኗር ዱ ሩል የተባለው የፈረንሳይ መልክተኛ ወደ ጎንደር ሲመጣ ስናር ላይ ተገደለ። ጄምስ ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል መጥቶ ሲመለስ በስናር በኩል ሄደ። እንግዲህ ከሰሜን ለሚመጣ ሰው ሁለት በሮች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ በቀይ ባሕር በኩል፣ ሌላው በመተማ በኩል። የሞተር ብስክሌት ዘመንም ሲመጣ በሮቹ እነዚያው ሆነው ቆዩ።

ከሞተረኞች ሁሉ በጣም የታወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን ነው። ከሎንደን የተነሣው ጥቅምት 6 ቀን 1973 ነበር። በዚያው ቀን ግብጽና ሶርያ በእስራኤል ላይ ጦርነት ከፈቱ። ወራት ያወጣው ዕቅድ በመነሻው ዕለት ተናወጠ ማለት ይቻላል። ቢሆንም በ500 ሲ.ሲ. ትራያምፍ ሞተሩ በቱኒዚያና በሊቢያ አድርጎ ግብጽ ገባ፤ ከአስዋን በጀልባ ወደ ዋዲ ሐልፋ ተሻገረ፤ ከዚያም በአትባራ፣ በከሰላና በገዳሪፍ አልፎ በመተማ በኩል ጎንደር ደረሰ። ዓባይን ተከትሎ በጁባ በኩል ወደ ኡጋንዳ መውረድ በካርታው ላይ ቀጥተኛው መንገድ ነበር። ነገር ግን በደቡብ ሱዳን ከ1955 ጀምሮ የቆየው ጦርነት በአዲስ አበባው ስምምነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። በኢትዮጵያ ዞሮ መውረድ ቀና መንገድ ሆኖ ተገኘ።

እሱ ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የ1974ቱ አብዮት ፈነዳ። በደርግ ዘመን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የመተማውም ሆነ የአሥመራው መንገድ ለውጭ አገር ሞተረኛ የሚሆን አልነበረም፤ በ1983 ደግሞ የደቡብ ሱዳን ጦርነት እንደ ገና ተነሣ። ታዲያ ሞተረኞቹ ምን አደረጉ? የሰሐራን በረሃ መረጡ። ከአልጀርስ ተነሥተው በታማንራሰት፣ በኒዤር፣ በናይጄሪያና በካሜሩን አልፈው የዛየርን ጫካ አቋርጠው ኬንያ ይደርሱ ነበር። በጭቃ ውስጥ ሞተር እየገፉ መሄድ ከጦርነት ይሻላል ብለው ነው።

ለታሪክ ተማሪ በጣም የሚያስደንቀው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሆነው ነው። በ1990 የቱዋሬግ ዓመፅ በማሊና በኒዤር ተነሣ። በ1992 አልጄሪያ ምርጫው ከተሰረዘ በኋላ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ገባች። በ1996 የዛየር ጦርነት ጀመረ። የምዕራቡ መንገድ ቁልፍ በቁልፍ ላይ ሲዘጋበት፣ በምሥራቅ ደርግ በ1991 ወድቆ የኢትዮጵያ መንገድ ተከፈተ። ጎንደር፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ እንደ ገና የሞተረኞች ማደሪያ ሆኑ። ይህን ለውጥ አንዳንድ የጉዞ ጸሐፊዎች በቱሪዝም ማስታወቂያ ብዛት ይተረጉሙታል፤ እኔ ግን ምክንያቱ የታማንራሰት መንገድ መዘጋቱ ነው እላለሁ። በ2003 በደቡብ አልጄሪያ 32 የኤውሮፓ ቱሪስቶች፣ ከእነርሱም መካከል ሞተረኞች፣ በታጣቂዎች ሲያዙ ደግሞ በረሃው ጭራሽ ተፈራ። የዳካር ውድድር እንኳ ባለው ሀብት ሁሉ ከዚህ አላመለጠም፤ በ2000 ተወዳዳሪዎቹን በአውሮፕላን ከኒያሜ ወደ ሊቢያ አሻገረ፤ በ2008 አራት ፈረንሳውያን በሞሪታንያ ከተገደሉ በኋላ ተሰረዘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ወደ ደቡብ አሜሪካ ተዛወረ።

በምሥራቁ መንገድም ቢሆን ችግር አልጠፋም። የ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የምጽዋን በር ስለ ዘጋው መተማ ብቻዋን ቀረች። በደቡብ በኩል ደግሞ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1963 እስከ 1967 ከነበረው የሽፍታ ጦርነት ጀምሮ ስሙ የከፋ ነበር። ለብዙ ዓመታት መኪናዎች ተሰልፈው በታጠቀ ዘብ ታጅበው ይሄዱ ነበር። ሞተረኛው እዚህ ላይ የሚያደርገው ሒሳብ ደስ ይላል። በሰልፉ ውስጥ ቢገባ ከጭነት መኪናዎች ኋላ አቧራ እየዋጠ በድንጋዩ ላይ ይናጣል፤ ሰልፉ ሳይጠብቀው ቢቀር ደግሞ ብቻውን ነው። ሌላው ምርጫ ከኦሞራቴ ተነሥቶ በቱርካና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር መውረድ ነው። በዚያ ግን የሚታመን የቤንዚን ማደያ የለም፤ ውኃውንም ቤንዚኑንም በጀሪካን መሸከም አለበት፤ ሞተሩም በከበደ መጠን አሸዋው ይውጠዋል። ብዙዎቹ ይህንኑ መርጠዋል። እንደ እኔ አስተያየት አንዳንዶቹ ሽፍታውን ከልክ በላይ ፈርተው አሸዋውን ንቀዋል።

የሞያሌ መንገድ በ2010ዎቹ አስፋልት ከለበሰ በኋላ ሞተረኛ ይህን ሒሳብ ረሳው። የአካባቢው ሕዝብ ግን ዞሮ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። በሐምሌ 2005 በዚያው መንገድ ላይ ባለችው በቱርቢ በአንድ ጧት ከ50 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን ያለፉ ሞተረኞች ከጻፉት ካነበብኩት ውስጥ ስለ ጐማና ስለ ሾክ ማምሰሪያ መሰበር ገጽ ሙሉ ሲነገር ቱርቢ አንድ ጊዜ እንኳ ስሟ አልተነሣም። የጉዞ መጽሐፍን እንደ ታሪክ ምንጭ ለሚጠቀም ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ተጓዡ ሁከትን ዞሮ በማለፉ ምክንያት፣ ሁከት የነበረበት አገር ከመጽሐፉ ይጠፋል። ደቡብ ሱዳን በሞተረኞች መጻሕፍት ውስጥ ባዶ ሆና የምትታየው ሰው ስላልነበረባት አይደለም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተከፈተ። በነሐሴ በዚያው ዓመት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የመተማ በር በሁለቱም ወገን ተዘጋ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የመጡት ሞተረኞች ከግብጽ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሻግረው ሞተራቸውን በመርከብ ወደ ሞምባሳ መላክ ጀመሩ፤ ሱዳንንና ኢትዮጵያን ዘለሉ። ዕቅዱ የሚወሰነው በፍርሃት ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በካርታው ላይ ቀይ ቀለም የቀባው አገር ውስጥ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ኢንሹራንሱ ይሰረዛል። ካርኔ የሚባለውም የጉምሩክ ደብተር ጊዜው አንድ ዓመት ስለ ሆነ፣ ሰላም እስኪወርድ ድንበር ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሞተረኛው መተማን ሲሸሽ ግን በዚያው ወራት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሱዳን በዚያችው በር ይገቡ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ ኩመርና አውላላ በተባሉት መጠለያዎች ሰፍረው ሳለ በታጣቂዎች ጥቃት ስለ ደረሰባቸው በ2024 ከመጠለያው ወጥተው በጫካ ውስጥ ሰፈሩ።

ለዚህ ጥናት እኔ ራሴ ወደ ገንዳ ውኃ ወርጄ የጭነት መኪና ሾፌሮችን ለመጠየቅ አስቤ ነበር። መንገዱ አስተማማኝ ስላልሆነ መምህሬ እንዳልሄድ መከሩኝ፤ እኔም ቀረሁ። በምትኩ አዲስ አበባ ያገኘኋቸውን ሦስት ሾፌሮች አነጋገርኩ። አንደኛው አዛውንት አዘዞ ላይ መኪና እስኪሰበሰብ እንደሚጠብቁ፣ ከፊት ያለፈውን ሾፌር በስልክ ሳይጠይቁ እንደማይነሡ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ደግሞ ባሉበት እንደሚያድሩ አጫወቱኝ። «ታዲያ ጋሼ፣ በሌላ በኩል አይዞርም?» ብላቸው «ልጄ፣ ጭነቱ እኮ የመተማ ነው» አሉኝ። የሦስቱንም ቃል በደብተር ጽፌ ይዤዋለሁ፤ መንገዱ ሲከፈት ከገንዳ ውኃዎቹ ቃል ጋር አስተያየዋለሁ።