ምልዓት፦ ዲስክ ሲበላሽ የሚቆጠረው ምንድን ነው?

ምልዓት፦ እንግሊዝኛው ኮረም የሚለው። በኤአይኤክስ፣ ማለትም በአይቢኤም ዩኒክስ፣ አንድ የዲስክ ስብስብ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ መገኘት ያለበት የመዝገብ ቅጂ ብዛት ነው። አጠቃቀም፦ «ምልዓት ስለጎደለ ስብስቡ ተዘጋ።»

ቃሉ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 እንደሚለው፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። የኤአይኤክስም ሕግ «ከግማሽ በላይ» ስለሚል፣ ምልዓተ ጉባኤን አሳጥረን ምልዓት ብንለው ትርጉሙ አይዛባም።

ኤአይኤክስ ዲስኮችን አሰባስቦ ቮልዩም ግሩፕ ያደርጋቸዋል፤ እዚህ «ስብስብ» እንበለው። ከስብስቡ እየተቆረሰ ለፋይሎች የሚሰጠው ቦታ ሎጂካል ቮልዩም ይባላል። የትኛው ቁራሽ በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ የሚናገር መዝገብ ደግሞ በየዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጻፋል። የሚቆጠረው ይህ መዝገብ ነው። ስብስቡ አንድ ዲስክ ብቻ ካለው መዝገቡ በዚያው ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ሁለት ዲስክ ካለው በአንዱ ላይ ሁለት፣ በሌላው ላይ አንድ ቅጂ ይኖራል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዱ አንድ ይደርሰዋል።

ጣጣው ያለው ባለ ሁለት ዲስኩ ላይ ነው። ሁለቱ ዲስኮች ሚረር ተደርገው አንድ ዓይነት ዳታ ይዘዋል እንበል። አንድ ቅጂ የያዘው ቢበላሽ ከሦስቱ ሁለቱ ስለሚቀሩ ሥራው ይቀጥላል። ሁለት ቅጂ የያዘው ቢበላሽ ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይቀራል፤ ዳታው በደህናው ዲስክ ላይ ሳይጎድል ተቀምጦ ሳለ ስብስቡ ይዘጋል።

ሕጉ እንዲህ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ የተመለሰ ዲስክ ያረጀ መዝገብ ይዞ ይመጣል። ጥቂቶች ብቻቸውን ስብስቡን መክፈት ቢችሉ፣ በአሮጌው መዝገብ ላይ አዲስ ሥራ ይጻፍ ነበር። ከግማሽ በላይ የሆኑ ሁለት ወገኖች ግን በአንድ ጊዜ ሊኖሩ አይችሉም።

ይሁን እንጂ ሚረር በተደረገ ስብስብ ላይ ሕጉ ደህናውን ዳታ ጭምር ስለሚዘጋ፣ «ሚረርቪጂ» የተባለው ትዕዛዝ ስብስቡን ሚረር ሲያደርግ፣ አትንካ ካልተባለ በቀር የምልዓትን ግዴታ ያነሣል። ይህም ዋጋ አለው፦ ሥራ ላይ ያለው ስብስብ አንድ ዲስክ እስኪቀረው ድረስ ይቆያል፤ ተዘግቶ እንደገና ሊከፈት ሲል ግን የዳታ ስብስብ ከሆነ ሁሉም ዲስኮች እንዲገኙ ይጠየቃል። አንዱ ከጎደለ ባለሙያው በግድ ማስከፈት ይኖርበታል።

ዲስክ መቀየርም ከመዝገቡ ይጀምራል። የተበላሸ ዲስክ እስኪሰረዝ ድረስ እንደ አባል ይቆጠራል፤ ስብስቡም አባሉን የሚያውቀው በመለያ ቁጥሩ እንጂ በተሰካበት ቦታ አይደለም። አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን በቦታው መሰካት ብቻውን አዲሱን አባል አያደርገውም። በመጀመሪያ በተበላሸው ዲስክ ላይ ያለው የሚረር ቅጂ ይነሣል፤ ቀጥሎ ዲስኩ «ሪዲውስቪጂ» በሚለው ትዕዛዝ ከስብስቡ ይወጣል፤ ከዚያም ከሲስተሙ ዝርዝር ይሰረዛል። በዚህ ጊዜ ብቻውን በቀረው ዲስክ ላይ መዝገቡ ሁለት ይሆናል፤ ሒሳቡም ይስተካከላል። አዲሱ ዲስክ ከተሰካ በኋላ «ኤክስቴንድቪጂ» ስብስቡ ውስጥ ያስገባዋል፣ «ሚረርቪጂ» ዳታውን ይገለብጥበታል። ማሽኑ የሚነሣበት ዲስክ ከሆነ የቡት ምስሉን መጻፍና የማስነሻ ዝርዝሩን ማደስ ይቀራል። ግልበጣው ማለቁን ለማወቅ በስብስቡ ዝርዝር ላይ ያረጁ ቁራሾች ቁጥር ዜሮ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

የኤችፒ ዩኒክስም የምልዓት ሕግ አለው። የሊኑክሱ ኤልቪኤም ግን በዚህ ቆጠራ አይሄድም፦ ዲስክ ሲጎድል በሬይድ የተሠሩትን ቮልዩሞች የቀሩት ዲስኮች ከበቋቸው ይከፍታቸዋል። ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው የሚሻገር ባለሙያ ዲስክ ከመንቀሉ በፊት የትኛው ሕግ እንደሚሠራ ማጣራት አለበት።