በውኃ ላይ የሚሰማ ኡኡታ

በአገራችን ቤቱ የተቃጠለበት ሰው «ኡኡ» ብሎ ሲጮኽ ጎረቤቱ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ይህም የሚሆነው የኡኡታን ትርጉም ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ ስለሚያውቀው ነው። በባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለው የጋራ ቋንቋ የተገኘው ዘግይቶ ነው፤ ዋጋውም የብዙ ሰው ሕይወት ሆነ።

በቀድሞ ዘመን የተጨነቀ መርከብ መድፍ እየደጋገመ ይተኩስ ወይም እሳት ያነድ ነበር። የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ከተፈለሰፈ በኋላ መንግሥታት በ1906 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ተሰብስበው «ኤስ ኦ ኤስ» የተባለውን ጥሪ አጸደቁ። ሆኖም በሚያዝያ 1912 እ.ኤ.አ. ታይታኒክ ስትሰጥም ነጭ ርችት ወደ ሰማይ ብትተኩስ፥ ካሊፎርኒያን በተባለችው መርከብ ላይ የነበሩ መኰንኖች እያዩት ሳይደርሱላት ቀሩ። በዚያን ጊዜ ሕጉ የርችቱን ቀለም አልወሰነም ነበር፤ የካሊፎርኒያን የሽቦ አልባ ሠራተኛም ተኝቶ ነበር። ከ1500 በላይ ሰዎች አለቁ። በ1914 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ተፈረመ። ዛሬ ቀይ ርችትና ብርቱካናማ ጢስ በዓለም ሁሉ «ድረሱልኝ» ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ታሪክ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ትንሽ የሸራ ጀልባ ይዞ ለሚወጣ ሰው ምን ያስተምረዋል? ዕቃ ሲመርጥ በመጀመሪያ «ማን ያየኛል? ያየኝስ ይረዳኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ለቀን ብርቱካናማ ጢስ፣ ለሌሊት ቀይ የእጅ ርችት ይበጃል። የእጅ ርችት የሚነድደው አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፥ ሰው በሚያይበት ሰዓት እንጂ በድንጋጤ አይለኰስም፤ የአገልግሎት ጊዜውም ያልፋል። ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪና ፀሐይ የሚያንጸባርቅ መስተዋት ግን ዋጋቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ብዙ ነው። ስልክም ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይያዝ። ሁሉም ቢጠፋ ሁለት እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ ቀስ እያሉ ደጋግሞ ማንሣትና ማውረድ በዓለም ሕግ የታወቀ የጭንቅ ምልክት ነው፤ ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዳር የሚጠብቅ ሰው ነው። ወደ ሐይቅ የሚወጣ የሚመለስበትን ሰዓት ለቤተ ሰቡ ወይም በአሞራ ገደል ላሉት ጀልበኞች ይንገር። እኛም በሐይቅ ዳር የምንማር ወጣቶች ምልክቶቹን እንወቃቸው። የካሊፎርኒያን መኰንኖች ዓይን ነበራቸው፤ የጐደላቸው ያዩትን ተረድቶ መነሣት ነው።