ታርበርት

በስኮትላንድ ምዕራብ ካርታ ላይ ታርበርት ወይም ታርቤት የሚል ስም ደጋግሞ ያጋጥማል፤ በኪንታየር ባሕረ ገብ መሬት፣ በሃሪስ ደሴት፣ በሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ዳር። ቦታዎቹ የተራራቁ ቢሆኑም አቀማመጣቸው ይመሳሰላል፤ ሁለት ውሃዎች ሊገናኙ ጥቂት ሲቀራቸው መሐላቸው የሚቆም ጠባብ የብስ ነው።

ቃሉ ጌሊክ ከተባለው የስኮትላንድ ቋንቋ ሲሆን ከ«አሻግሮ» እና ከ«መሸከም» የተገጠመ ነው። ጀልባ ከአንዱ ባሕር ወጥታ፣ በሰው ጉልበት በየብስ ተጎትታ ማዶ ውሃ ላይ የምትወርድበት ቦታ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች መልክዓ ምድሩን ብቻ ሳይሆን ድካሙንም መዝግበውልናል፤ እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው።

የኖርዌይ ነገሥታት ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1098 ገደማ «ባዶ እግሩ» የተባለው ንጉሥ ማግኑስ ከስኮትላንድ ንጉሥ ጋር ተዋዋለ፤ መሪ በተገጠመለት መርከብ የዞረው ደሴት ሁሉ የእሱ ይሆናል። ኪንታየር ደሴት አይደለችም። እሱ ግን መርከቡን በታርበርት በኩል በየብስ አስጎተተ፤ ራሱ መሪውን ይዞ ከላይ ተቀምጦ ነበር። በ1263 ደግሞ የኖርዌዩ ንጉሥ የሆኮን ሰዎች ጀልባዎቻቸውን ከሎክ ሎንግ የባሕር ወሽመጥ ወደ ሎክ ሎሞንድ በዚያው ዘዴ አሻገሩ።

ኖርዌያውያኑ በፈንታቸው ለጌሊክ ቃል አበድረዋል። በስካይ ደሴት ያለው የኡይግ ወደብ ስም የመጣው «የባሕር ሰላጤ» ከሚለው ቃላቸው ነው። «ኢንቨር» ግን የጌሊክ የራሱ ነው፤ የወንዝ አፍ ማለት ነውና ኢንቨርነስ የነስ ወንዝ አፍ ላይ ትገኛለች።